ሳልጠራ የገባሁበት ቤት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲

ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ለዘውድ በዓል ሰልፍ ሴት ተማሪዎቹን ሳሠለጥን ዋልኩ። ግማሹ በግራ እግሩ ሲነሣ ግማሹ በቀኝ። ጉሮሮዬ ሻከረ። ዳይሬክተሩ በመስኮት ብቅ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ ወርዶ ግን አያግዝም። ከሰዓት በኋላ የእጅ ሥራ ክ/ጊዜ። ክሩ አልቋል። ያለ ክር ጥልፍ የሚያስጠልፍ ካለ ይምጣና ያስተምር።

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ላይ ተዘረርኩ። ደከመኝ፣ አንቺ ደብተር። ይህን ቃል ብዙ ጽፌብሻለሁ፤ ሳይሰለችሽም አልቀረ።

አከራዬ እትዬ ብርቄ አንኳኩተው ገቡ። ውሸቴን ነው፤ እትዬ ብርቄ አንኳኩተው አያውቁም። (ከዛሬ ጀምሮ እ.ብ. እላቸዋለሁ። ብዙ ስለሚመላለሱብሽ ቀለም ልቆጥብ።) አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ስለ በርበሬ አወሩ፣ ስለ ጎባ ብርድ አወሩ፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩ። ወሬው ሲረዝም አንድ ነገር እንዳለ ጠረጠርኩ። አልተሳሳትኩም። አቶ መ. ሽማግሌ ሊልኩብኝ ነው።

አቶ መ. መዝገብ ቤት የሚሠሩት ናቸው። ሚስታቸው ከሞተች ቆይቷል። ጨዋ ሰው። ድምፃቸው ከፍ ብሎ አይሰማም፣ መጠጥ አያበዙም፣ ባለፈው ክረምት ታምሜ ተኝቼ ሳለ በእ.ብ. በኩል ማር ልከውልኛል። አንድ ክፉ ነገር ልጽፍባቸው ፈለግሁ፤ አጣሁ። ሙሉ ስማቸውን ለመጻፍ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ለጊዜው በ«መ.» ይቆዩ።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡት የዚህን ሳምንት አይደለም፤ የሚቀጥለውን እሑድ። አባቴ በሕይወት ስለሌለ እንደ አባት ሆነው የሚቀበሏቸው የእ.ብ. ባለቤት ጋሼ ወልዴ ናቸው። እናቴ ከፍቼ በአውቶቡስ ሹፌር አፍ «ምርቃቴ ይድረሳት» ብላለች አሉ። እኔ ጎባ ተቀምጬ ያልሰማሁትን እናቴ ፍቼ ሆና ሰምታለች።

እ.ብ. ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። አንድ ነገር ብቻ። ብስክሌቱ። አቶ መ. ሴት ልጅ ብስክሌት ላይ ስትታይ አይወዱም። ፍቼ ላለው ወንድሟ ትላክለት ብለዋል።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እሺ ብል ማን ይፈርድብኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፪

ሰልፍ። ዝናብ። ሰልፍ በዝናብ።

ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለሽ ይለኛል። ባለሱቁ ሳሙና ሲሰጠኝ እንኳን ደስ ያለሽ። የት/ቤቱ ዘበኛ ኮፍያውን አንሥቶ እንኳን ደስ ያለሽ። አንደኛዋ መምህርት ጎኔን ቆንጠጥ አድርጋ፣ ከእንግዲህ እንኳ በእግርሽ እንደ ሰው ትሄጃለሽ አለችኝ። ሳቅሁ። ምን ላድርግ።

ብስክሌቱን አየሁት። በረንዳው ላይ ጭቃው ደርቆበት ቆሟል። አ.አ. መምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ ነው የገዛሁት፤ አረንጓዴ ነበር፣ አሁን ቀለሙ ምን እንደሆነ አይታወቅም። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ ጎባ የገባ ቀን ከተማው ሁሉ ወጥቶ ነበር ያየው። መጀመሪያ ልጆች ይከተሉኝ ነበር። ኋላ ተዉኝ። አሁን የሚያሳድደኝ ውሻ ብቻ ነው፤ እሱም ለልማዱ ያህል።

ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ስመኝ ኖሬያለሁ። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲጠነክር፣ ከሮቤ በገሰራ መንገድ ወርጄ ወይብን ማየት። ብቻዬን። ዝም ብዬ ወንዙን አይቼ መመለስ። በየዓመቱ ለሚመጣው ጥቅምት አስተላልፈዋለሁ። የሚመጣው ጥቅምት ግን ብስክሌቱ ፍቼ ነው፣ እኔም የአቶ መ. ሚስት ነኝ።

ስለዚህ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አንዴ ወይብን ልየውና ከዚያ እሺ እላለሁ። ለእ.ብ. ሮቤ ደርሼ እመለሳለሁ ብያለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፲፬ — ወይብ ዳር፣ ቀትር ላይ

ደረስኩ! ድንጋይ ላይ ሆኜ ስለምጽፍ ጽሕፈቴን ይቅር በይኝ።

ከጎባ እስከ ሮቤ ፔዳል የመታሁ አይመስለኝም። ቁልቁለቱ ራሱ ወሰደኝ። ብርዱ ግን ጣቴን ቆረጠው፣ ፍሬን ስይዝ መያዜ አይታወቀኝም። ሮቤ ሻይና ዳቦ። ባለ ሻይ ቤቱ ብስክሌቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው ካለ ብሎ መንገዱን አየ። ሰው የለሽም? አለኝ። ከፊት አሉ አልኩት። እነማን እንደሆኑ እኔም አላውቅ።

ከሮቤ ወዲያ ገብስ። ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ቢጫ፣ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም አንድ ላይ ይተኛል። ተማሪዎቼ እንዲህ ቢሰለፉ። ከዚያ መሬቱ ድንገት ተከፈተና ሸለቆው ታየ። ወርጄ ወርጄ ወርጄ። አንድ ቦታ ላይ ጮህኩ። ሰው አልነበረም፤ ብቻዬን ጮህኩ፣ ብቻዬን ሳቅሁ።

ወይብ ከላይ በዘነበው ዝናብ ደፍርሷል። ውበቱ እንዳሰብኩት አይደለም። ድምፁ ግን! ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ከተትኩ። ቀዝቃዛ። ባላ በትር የያዙ ሁለት አዛውንቶች በእግራቸው ሲያልፉ አገኙኝ። ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ ለዚያራ፣ ሊሳለሙ የሚሄዱ ናቸው። ሰላምታው ረጅም ነው፤ ሰላም ነሽ፣ አገሩ ሰላም ነው፣ ከብቱ ሰላም ነው። ከብት ባይኖረኝም ሰላም ነው አልኩ። ይህ ውሃም እኛ ወደምንሄድበት ነው የሚሄደው፣ እዚያ ዋሻ ውስጥ ይገባል አሉኝ። ከያዙት የገብስ ቆሎ አፍሰውልኝ ሄዱ።

አሁን መመለሱ አለ። የወረድኩትን ሁሉ መውጣት። ጉልበቴ ከወዲሁ አይሆንም ይላል። በባቱ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ልነሣ።

እሑድ፣ ጥቅምት ፲፭

አልጋ ላይ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ከወገቤ በታች ያለው አካል የእኔ አይመስለኝም። የትናንቱን ግን ዛሬ ካልጻፍኩልሽ ነገ ሌላ ሰው ነው የሚነግርሽ።

ዳገቱን ብስክሌቱን እየገፋሁ ወጣሁ። መንዳት ቀርቶ መግፋቱም አቃተኝ፤ በየጥቂቱ እቆማለሁ፣ ራሴን እሰድባለሁ፣ እቀጥላለሁ። ማልቀስ አማረኝ፤ ለማልቀስም ጉልበት ይፈልጋል። ግማሽ ላይ ስደርስ በረዶው መጣ። መጀመሪያ ሽምብራ የሚያህል፣ ከዚያ ባቄላ የሚያህል። ጭንቅላቴን ይቀጠቅጠኛል። መጠለያ ዛፍ የለም። ከመንገዱ ፈቅ ብሎ አንድ ጎጆ አየሁ፣ በክዳኑ ጭስ ይወጣል። ብስክሌቱን አጥሩ ላይ ጥዬ ሮጥኩ።

ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ማለት ወግ ነው። አላልኩም። በዚያ በረዶ ብጮህስ ማን ይሰማኛል። በሩን ገፍቼ ገባሁ፣ ቀጥታ ወደ እሳቱ ሄድኩ፣ ተቀመጥኩ።

አንዲት ባልቴት የወተት ጮጮ በወይራ ጭስ እያጠኑ ነበር። ብቻቸውን። ስማቸው አዴ ሙሚና፣ እማማ ሙሚና እንደማለት፣ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። አልደነገጡም። ጮጮውን አስቀመጡ። ከራስ ፀጉሬ እስከ እግር ጥፍሬ አዩኝ። ተነሡ። አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። ከዚያ እልል አሉ! በረዶው እየወረደ እልል፣ ደግመው እልል።

ደግ ሴት ናቸው ብዬ አሰብኩ። የእንግዳ ፍቅራቸው ይህን ያህል ነው ብዬ።

ወተት ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። የራስ ጨርቄን ፈትተው ፀጉሬን አደረቁልኝ። ከዚያ ከቅል ቅቤ አወጡና አናቴ ላይ አደረጉልኝ። ለብርዱ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩላቸው። ሞቀኝ። ደክሞኝ ስለነበር እንቅልፌ መጣ። እንዲህ ሰው ራሴን ከዳበሰኝ ስንት ዘመኑ።

የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ሽንኩርት ስንት ነው፣ ጨምሪልኝ፣ ዋቃ ይስጥልኝ። ግን ቀስ ብለው ስለሚናገሩ ገባኝ። ስሜን ጠየቁኝ፣ ጥሩነሽ አልኳቸው። የእናቴን ስም ጠየቁኝ። ከዚያ ሦስት ወንዶች ልጆች አሉኝ አሉ፣ ከሦስቱ የትኛውን ነው? አሉኝ። ቃሉ ሁሉ ገብቶኛል፤ ነገሩ ግን አልገባኝም። የማውቀው ካለ እየጠየቁኝ መስሎኝ፣ አንዱንም አላውቅም አልኳቸው። አንዱንም ሳታዪ ነው የመጣሽው? ብለው ጉልበታቸውን መቱ። ጀግና ነሽ አሉኝ።

ልጆቹ ከብቶቹን አስገብተው መጡ። ሦስት ጎልማሳ በሩ ላይ ውሃ እያንጠፈጠፉ ቆሙ። አዴ ሙሚና አንድ በአንድ ያስተዋውቁኝ ጀመር። ይህ ጉልበታም ነው። ይህ አፉ ዝግ ነው፣ ልቡ ደግ። ይህ ትንሽ ይቆጣል፣ ቶሎ ይበርዳል። እኔ ቅቤዬ በግንባሬ እየወረደ ለሁሉም እጅ እነሣለሁ።

መካከለኛው ከዲር ይባላል። ገብስ እያመጣ ጎባ ስለሚሸጥ አማርኛ ያውቃል፣ እኔንም ብስክሌት ላይ አይቶኛል። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ መምህርት፣ ምን ፈልገሽ መጣሽ? አለኝ። በረዶውን ሽሽት አልኩት።  ከዚያ ቡልኮውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ሳቀ፣ ሳቀ፣ መቆም አቅቶት ተቀመጠ።

እንዲህ ነው አለኝ። እዚህ አገር አንዲት ልጅ ራሷ ከወደደች፣ ማንም ሳይጠራት የልጁ ቤት ሄዳ ትገባለች። እሳት ዳር ትቀመጣለች፣ እናትየዋ ቅቤ ትቀባታለች። አሴና ይሉታል። በራሷ እግር የገባችን ልጅ ቤቱ አይመልሳትም። ትዳር ነው። እናቴ ሦስት ልጅ አድርሳ አንድም ምራት አላገኘችም፤ ዛሬ ጸሎቴ ሰመረ ብላ ነው አለኝ።

መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ተነሣሁ፣ ይቅርታ አልኩ፣ ቅቤውን በመዳፌ መጥረግ ጀመርኩ። ከዲር ለአዴ ሙሚና ነገራቸው። ፊታቸው ሲወድቅ አየሁት፣ ያ አንጀቴን በላው። ከዚያ እሳቸውም ሳቁ። እጄን ከራሴ ላይ አነሡት። የተቀባ ቅቤ አይመለስም፣ ይኑር አሉ። አስቀመጡኝ። በከዲር በኩል፣ ታዲያ አንቺ መግባት የምትፈልጊው ቤት የት ነው? አሉኝ።

የለኝም ልል ነበር። ስለ አቶ መ. ተናገርኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ ይመጣብኛል አልኩ። ትፈልጊዋለሽ? አሉኝ።

በረዶው አባርቷል። ከብቶቹ ሲተነፍሱ ይሰማል። አዴ ሙሚና መልሴን ጠበቁ። የቀረውን ወተት ጨረስኩ፣ አሁንም እየጠበቁ ነው። ምንም አልመለስኩም።

ከዲር ብስክሌቱን እስከ ዋናው መንገድ ገፋልኝ። ገብስ የጫነ ካሚዮን አግኝቶ እኔንም ብስክሌቱንም አሳፈረን። ጭነቱ ላይ ሁለት የጎባ ሴቶች ነበሩ። ከዲር ሲሰናበተኝ አዩ። ከዚያ ፀጉሬን አዩ። 

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፯

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ ጎባ ዘንድሮ ጉዱን ለጥቅምት አቆይቶታል።

ት/ቤት ስገባ ሹክሹክታው ይቆማል፣ ሳልፍ ይቀጥላል። ሰልፈኞቼ ሁሉም በአንድ እግር ተነሡ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። አፍጥጠው እያዩኝ ስለሆነ ነው። የሚሉት ይህን ነው፤ ወ/ት ጥሩነሽ ገሰራ መንገድ ወርዳ አሴና ገባች። ቅቤ ተቀብታ ተመለሰች። እንዲያውም ከብት ተቆጥሮላታል። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ ጎባ ከብት ጨመረበት።

እ.ብ. ሳያንኳኩ ገቡ። ጎባ ተወልደው ያደጉ ናቸው፣ አያታቸው ከመንዝ ቢመጡም ኦሮምኛቸው ከአማርኛቸው ይፈጥናል። አሴና ምን እንደሆነ የሚያስረዳቸው አያስፈልግም። ራሳቸውን ይዘው ጠየቁኝ። ስንት ወንድ ነበር? ስንት ሰዓት ቆየሽ? ማን አየሽ? ሁሉንም እንዳለ ነገርኳቸው። በረዶ ነበር እላለሁ፤ እሳቸው ቅቤውን ነው የሚሰሙት። አንቺን አላምን ብዬ አይደለም ልጄ፣ ሰውን ፈርቼ ነው አሉኝ።

ወንዙስ እንዴት ነበር ያለኝ የለም።

እቅጩን ልንገርሽ፣ ደብተሬ። አቶ መ. ሲሰሙ ይተዉኛል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እኔ ምንም ሳልናገር ነገሩ በራሱ ይፈርሳል። እንዲህ ያለ ተስፋ የደካማ ሰው ተስፋ ነው፤ ደካማ ነኝ። ደረጃ እንኳ ስወርድ ግድግዳ ይዤ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፱

አልተዉኝም።

ጋሼ ወልዴ ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ጠበቁኝ። ደስ ብሏቸዋል፣ ድምፃቸው ሁሉ ተለውጧል። አቶ መ. ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው ነበር። እንዲህ ብለዋል፤ ወጣትነት ያሳስታል፣ ይቅር ብያታለሁ፣ ነገሩ ከእንግዲህ አይነሣም፤ ብስክሌቱ ግን ከእሑድ በፊት ይታሰር፣ ሰኞ በአውቶቡስ ይጫን። እ.ብ. ስለቴ ደረሰ ብለው አለቀሱ። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል ይላሉ። ልቡ ሰፊ።

ይቅር ብያታለሁ።

ምን አድርጌ?

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፤ ቁጭ አልኩ፤ ተነሣሁ። ጆሮዬ ጋለ። በደል ባገኝበት ኖሮ ይህን ያህል አልናደድም ነበር። አልተቆጣኝም፣ አልሰደበኝም። ምን ሆነሽ ነበር ብሎ አንዲት ቃል ሳይጠይቀኝ ይቅር አለኝ! ያላጠፋሁትን ይቅር አለኝ፤ እድሜ ልኬን ይቅር እንደተባልኩ እንድኖር።

በአንቺ ላይ እንኳ አንቱ ስለው ነበር። ከዛሬ ጀምሮ እሱ ነው።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ወደ ኋላ አሰብኩ። ይህ ነገር ከተጀመረ እናቴ መርቃለች፣ ባለሱቁ ደስ ብሎታል፣ ዘበኛው ኮፍያ አንሥቷል፣ ጋሼ ወልዴ አባት ሆነዋል። ትፈልጊዋለሽ ወይ ያለኝ አንድ ሰው ፈለግሁ። ያገኘሁት እዚያ ጭስ የሞላው ጎጆ ያሉትን ሴት ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ከመጀመሪያው፣ ገና ነገሩን ተሳስተው ሳለ፣ የትኛውን? ነበር ያሉኝ።

አልፈልገውም። ይኸው፣ ተጻፈ።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፳

ጠዋት ለእ.ብ. ነገርኳቸው። አይሆንም፣ አላገባውም አልኩ። ሳቁ! ጉንጬን ያዙኝ። እምቢ ያላለች ሙሽራ አላየሁም አሉኝ። እሳቸው ራሳቸው ለጋሼ ወልዴ ሲጠየቁ ጎተራ ውስጥ ተደብቀው አልቅሰዋል፣ ይኸው ዛሬ ስድስት ልጅ። እምቢታ የጨዋ ልጅ ወግ ነው። እንዲያውም እሺ ብትዪ ነበር የማፍረው አሉ።

ከሰዓት በኋላ ለጋሼ ወልዴ። ደግ ሰው ናቸው፣ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አደረጉኝ። አንቺ ዝም በይ፣ ዝም አይነቅዝም፣ እኔ አለሁልሽ አሉኝ። ምን ብለው ሊመልሱ ነው? አልኳቸው። ልጅቱ የእናንተው ናት ብዬ ነዋ አሉ።

አየሽ? እምቢ ስል እሺ ነው የሚሰማቸው። ዝም ስልም እሺ ነው። እሺ ብል እሺ ነው። ሌላ ምን ቀረኝ?

በጣም ደክሞኛል። ሰልፉ፣ እግሬ፣ የሰው ዓይን። እሺ ማለት እኮ ምንም ጉልበት አይጠይቅም። ተኝቶ መንቃት ነው። ስነቃ ባለትዳር ነኝ፣ የራሴ ጓዳ አለኝ፣ ማርም አለ። ለሠርክ ጸሎት ደወል ሲደወል ይህን እያሰብኩ ነበር። ክፉ ሐሳብ አይደለም። ሞቃት ነው።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት ፳፩

እ.ብ. ብስክሌቱን በገመድ አስጠፍረውት ዋሉ። ጎማው ተንፍሶ በረንዳው ላይ እንደሚታረድ በግ ተጋድሟል።

ገበያ ወጣሁ። ከዲር ገብሱ አጠገብ ተቀምጧል። አየኝ፣ አልተነሣም፤ ሰው እንደሚያየን ያውቃል። የጎማ መንፊያሽን አጥሩ ሥር ረስተሽ ነበር ብሎ ከጆንያው ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። በጋዜጣ ጠቅልሎታል። እናቴ ሰላም ብላሻለች አለኝ። ደግሞ ጥያቄዬን አልረሳሁም ብላለች።

የትኛውን ጥያቄ አላልኩትም። አልፈልገውም በላቸው አልኩት።

እሺ፣ እነግራታለሁ አለ። ከዚያ አንዲት ሴት ገብስ ልትለካ መጣችና ወደ እሷ ዞረ።

ይኸው ነው። እሺ፣ እነግራታለሁ። አልሳቀም፣ ጉንጬን አልያዘም፣ እውነትሽን ነው ወይ አላለም። አልፈልገውም ስል አልፈልገውም ነው የሰማው። እንዲህ ቀላል ኖሯል! መንፊያውን ይዤ እስከ ቤት ስመጣ ጉልበቴ አላመመኝም። ያመመኝ ይሆናል፤ አላስታወስኩትም።

እሑድ፣ ጥቅምት ፳፪

መጥተዋል። ሦስት ናቸው። ነጭ ለብሰዋል። አንደኛው ቄሱ ናቸው፣ ሌሎቹን ከሩቅ ነው የማውቃቸው። ሳሎን ተቀምጠዋል፤ እኔ ጓዳ ነኝ። በመካከላችን ጋዜጣ የተለጠፈበት የጣውላ ግድግዳ አለ፣ ሁሉም ይሰማል። አንቺ ጉልበቴ ላይ ነሽ።

እ.ብ. ፀጉሬን ሹሩባ ሠርተውኛል። ሲሠሩኝ አሸተቱና የዚያ ቅቤ ጠረን እስካሁን አልለቀቀሽም አሉ። ታጥቤዋለሁ። አልለቀቀም።

ሥርዓቱን ነግረውኛል። ሽማግሌ የመጣበትን ጉዳይ ሳይፈጽም እህል ውሃ አይቀምስም። ጠጁ በብርሌ ተቀድቶ ፊታቸው ቆሟል። ቃሉ ሲሰጥ ያነሡታል፤ ከተነሣ አለቀ፣ ከዚያ ወዲያ ቃል የሚያፈርስ ጋሼ ወልዴን ያዋርዳል። ሙሽራዋ ከጓዳ አትወጣም። ስትጠራ ብቻ ወጥታ ጉልበት ትስማለች። እስክትጠራ ዝም።

ስለ መንገዱ አወሩ። ስለ ገብሱ አወሩ፤ በረዶው ቆላ ቆላውን ጎድቶታል አሉ።  በረዶ ሲባል ቄሱን ሳል ያዛቸው።

እንግዲህ የመጣንበት ጉዳይ አሉ አንደኛው።

ረጅም ነው አነጋገሩ፣ ጨዋ ነው፣ ያምራል። ልጃችሁን ለልጃችን። አጥንት ቆጠሩ። ትዕግሥተኛ ነው፣ ይቅር ባይ ነው አሉ። ይቅር ባይ ሲሉ እ.ብ. በበሩ ስንጥቅ ወደ እኔ አይተው ፈገግ አሉ።

አሁን ጋሼ ወልዴ ናቸው። ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። ልጄን ጠይቄያታለሁ አሉ። ዝም ብላለች፤ የዝምታዋን ትርጉም እናንተ አታጡትም። ሳቅ።

 ጋሼ ወልዴን ማሳፈር አልፈልግም። ደግ ናቸው። ዛሬ ማታ እዚህ ቤት ለእኔ ቦታ ላይኖር ይችላል፣ ነገም ሰልፉ ላይ ማን እንደሚያናግረኝ እንጃ። ብስክሌቱ በረንዳው ላይ ነው። ገመዱን የምቆርጥበት መቀስ የእጅ ሥራ ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ መንፊያውም አለ።

ሴት ልጅ ሽማግሌ ፊት ሳትጠራ አትገባም። አውቃለሁ። ግን አንዴ ሳልጠራ ገብቼ አይቼዋለሁ፣ አልሞትኩም። ወተት ነው የሰጡኝ።

ቆሜያለሁ። ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። አንኳኩቼ ልግባ? ይህ ቤት ማንኳኳት የት ያውቃል።

ጋሼ ወልዴ «እንግዲህ ይነሣ» አሉ። ብርሌዎቹ ሲነካኩ ይሰማል። እጃቸው ከአፋቸው ሳይደርስ ልግባ፤ አልፈልገውም ልበል —